ማስተርህ «ክብደት አትሥራ» ሲሉህ፦ ሳትጣላ የምትነጋገርበትና በልክ የምትሠራበት መመሪያ

«ማስተሬ ክብደት አትንካ አሉኝ፤ እኔ ደግሞ መሥራት እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ቴኳንዶ የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። ካራቴና ውሹ የሚሠሩም አሉ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ አንዱን ነገር ስናገር ሌላውን እረሳለሁ። ስለዚህ ሙሉውን በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው። ጉልበትህ እንዲጨምር፣ ከማስተርህ ጋር ያለህ መከባበርም እንዳለ እንዲቆይ። አንዱን ለማግኘት ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ «አንተ» እያልኩ ሄጃለሁ። አንቺም ብትሆኚ ደረጃዎቹ ያው ናቸው። የሴቶች ብቻ የሆነችውን አንድ ነገር በቦታዋ አንስቻታለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• አንድ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ለማስተር ገልጦ ለማሳየት ደብተር ይሻላል።
• ስልክ፦ ሰከንድ ለመቁጠርና ቪዲዮ ለመቅረጽ።
• የልብስ ሰፊ ሜትር።
• የኪክ (የእግር ምት) መለማመጃ ፓድና ፓዱን የሚይዝልህ ጓደኛ።
• የሚነሳ ክብደት። ጂም ከገባህ እዚያው አለ። ካልሆነ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል።
• የምትንጠለጠልበት ጠንካራ ብረት።
• የሰው ሚዛን። ቤት ከሌለህ ፋርማሲ በር ላይ አታጣም።
• 8 ሳምንት። በመሃሉ ውድድርም የቀበቶ ፈተናም የሌለበት ቢሆን ጥሩ ነው።

ስለ ጀሪካኑ ትንሽ ልጨምር። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። ስለዚህ 20 ሊትር ውሃ ከነጀሪካኑ 21 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ደረቅ አሸዋ ደግሞ በሊትር ወደ 1.6 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሙሉ ጀሪካን አሸዋ ከ30 ኪሎ ያልፋል ማለት ነው። እጀታው ያንን ላይችል ይችላል፤ አሸዋ ከሞላህ ጀሪካኑን ከሥር አቅፈህ ያዘው።

በየሰፈሩ ቱቦ ላይ በቆርቆሮ ሲሚንቶ እየሞሉ የሚሠሩት ክብደትም ያገለግላል። ግን ሳትመዝነው አትጠቀም። እኛ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ በሁለት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አንድ ሠርተን ነበር። ሁለቱን ጫፎች በዓይን ስናያቸው አንድ ዓይነት ናቸው። ወፍጮ ቤት ወስደን ስንመዝናቸው አንደኛው ከሌላኛው በ1 ኪሎ ተኩል ይበልጣል። አንዱ ጓደኛችን ለወራት ቀኝ ወገቡን ሲያመው የነበረው ለምን እንደሆነ የጠረጠርነው ያኔ ነው።

ደረጃ 1፦ ማስተርህ ያሉትን ቃል በቃል ጻፍ

«ክብደት አትሥራ» አንድ ሐሳብ ይመስላል። ከኋላው ግን የተለያየ ስጋት አለ። እኔ ደጋግሜ የሰማኋቸው አምስት ናቸው።

ሀ. «ያዘገይሃል።»
ለ. «ሰውነትህን ያደርቀዋል፤ እግርህ አይወጣም።»
ሐ. «ኪሎ ትጨምራለህ።»
መ. «ክፍል ደክመህ ትመጣለህ።»
ሠ. «ገና ልጅ ነህ፤ ቁመትህ ይቀራል።»

ያንተ ማስተር የትኛውን እንዳሉ አስታውስና ጻፍ። ካላስታወስክ ወይም ምክንያት ካልሰጡህ «ምክንያቱን አላውቅም» ብለህ ጻፍ። ይህ ለምን ይጠቅማል? ለአንዱ ስጋት የሚሆነው መልስ ለሌላው አይሆንም። ስለ ድካም ለሚያስብ ሰው ስለ ፍጥነት ብታስረዳው ያልሰማኸው ይመስለዋል። እውነትም አልሰማኸውም።

ደረጃ 2፦ እሳቸው ልክ የሆኑበትን ለይ

ብዙ ልጆች ይህችን ደረጃ ዘለው ነው የሚጣሉት። ከአምስቱ ውስጥ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው። ሁለቱ ግማሽ ልክ ናቸው። አንዱ ብቻ ነው የተሳሳተው።

«ደክመህ ትመጣለህ» ልክ ነው። እኔ በራሴ አይቸዋለሁ። 19 ዓመቴ ላይ ለማስተሬ ሳልነግር ጂም ተመዘገብኩ። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ሙሉ ስኳት (ክብደት ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ሠራሁ። ማክሰኞ ማታ ክፍል ገባሁ። ጓደኛዬ ፓዱን በደረቱ ልክ ያዘልኝ። ዶልዮ (ዞሮ ከጎን የሚመታ ኪክ) ስመታ እግሬ ከቀበቶው በላይ አልወጣም። ድጋሚ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ማስተር መጡና በእጃቸው ፓዱን ዝቅ አደረጉት። «ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው። በኋላ ከሌላ ልጅ ሰሙ። ከዚያ በኋላ ስለ ክብደት ማንም ሲያነሳባቸው የሚጠቅሱት ያንን ማታ ነበር። ያዩት እውነት ስለሆነ ልከራከራቸው አልቻልኩም።

በሰውነታችን የሆነው ግን ቀላል ነገር ነው። ያልለመደ ጡንቻ በድንገት ሲሠራ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ድረስ ይሳሰራል። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ያው ሥራ እንደዚያ አያሳስርም። ስለዚህ ጥፋቱ የነበረው መጠኑና ቀኑ ላይ ነው።

«ኪሎ ትጨምራለህ» የሚለውም ለተወዳዳሪ ልክ ነው። በኦሊምፒክ ቴኳንዶ የወንዶች ምድብ እስከ 58፣ እስከ 68፣ እስከ 80 እና ከ80 በላይ ነው። የሴቶቹ እስከ 49፣ እስከ 57፣ እስከ 67 እና ከ67 በላይ። 57.5 ኪሎ የሆነ ልጅ 1 ኪሎ ከጨመረ ከሌላ ምድብ ጋር ሊገናኝ ነው። ማስተሩ ይህን ማሰባቸው ሥራቸው ነው። አንተ ከምድብህ ጣሪያ 3 ወይም 4 ኪሎ ዝቅ ካልክ ግን ብዙም አያሰጋም። ጡንቻ በብዛት የሚጨምረው ብዙ ድግግሞሽ እየሠሩ ከሚያስፈልገው በላይ ሲበላ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በትንሽ ድግግሞሽ፣ በተለመደው ምግብ የሚመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

«ያዘገይሃል» ግማሽ ልክ ነው። ክብደትን እንደ ሰውነት ገንቢ እየሠራህ፣ በቀስታ 15 ጊዜ እስክትዝል ድረስ እየገፋህ፣ የኪክ ልምምድህን ከቀነስክ ፍጥነት አታገኝም። በትንሽ ድግግሞሽ፣ በንጹሕ እንቅስቃሴ፣ ሲነሳ በፍጥነት እየገፋህ ከሠራህ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት የሚጨምረው ጉልበት በአብዛኛው የሚመጣው ከነርቭ ነው። ነርቭህ ቀድሞም የነበረህን ጡንቻ በአንድ ጊዜ ማዘዝ ይለምዳል። እግርህ ከመሬት የሚነሳበት ፍጥነት የሚወሰነው መሬቱን በምን ያህል ኃይል፣ በምን ያህል አጭር ጊዜ እንደገፋህ ነው።

«ያደርቀዋል» የሚለውም ግማሽ ልክ ነው። በተሳሰረ ጡንቻ ላይ እግር አይወጣም፤ ከላይ ያለው ታሪኬ ይህንን ያሳያል። ግማሽ መንገድ ብቻ እየወረድክ ስኳት ከሠራህም መለጠጥን አትለማመድም። ሙሉ በሙሉ ወርደህ ሙሉ በሙሉ ከተነሳህ ግን የክብደት ሥራ ራሱ መለጠጥን ይጨምራል።

«ቁመትህ ይቀራል» የሚለው ነው የተሳሳተው። በአዋቂ ክትትልና በልክ የሚሠራ የጉልበት ልምምድ ቁመት አያስቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን እንዲኖራቸው ይመክራል። ክፍል ውስጥ የምትሠሩት ፑሽ አፕም እኮ ያው የጉልበት ልምምድ ነው፤ ክብደቱ የራስህ ሰውነት ነው።

ደረጃ 3፦ መነሻህን ለካ

ከመነጋገርህ በፊት ለካ። ማስተርህ ዓይናቸውን ያምናሉ፤ ከወሬ ይልቅ ከክፍላቸው የወጣ ቁጥር ይሰማቸዋል። አንድ ቀን አርፈህ፣ በደንብ ካሟሟቅክ በኋላ እነዚህን አምስት ነገሮች መዝግብ።

1. የኪክ ብዛት። ፓድ በደረት ልክ አስይዝ። ግራና ቀኝ እያፈራረቅክ ለ10 ሰከንድ በቻልከው ፍጥነት ዶልዮ ምታ። 10 ሰከንድ እረፍ። እንዲህ 5 ጊዜ ድገም። የእያንዳንዱን ዙር ብዛት ለየብቻ ጻፍ። የመጀመሪያው ዙር ፍጥነትህን ያሳያል። በአንደኛውና በአምስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ድካምህን ያሳያል። እየመታህ አትቁጠር፤ ቪዲዮ ቅረጽና በኋላ ቁጠር።
2. ዝላይ። ሁለት እግርህን አንድ ላይ አድርገህ፣ ቆመህ ወደ ፊት ዝለል። ከእግር ጣትህ መነሻ እስከ ተረከዝህ ማረፊያ ለካ። 3 ጊዜ ሞክር፤ ትልቁን ጻፍ።
3. ስፕሊት። እግርህን ከፍተህ የምትችለውን ያህል ውረድና ከወለል እስከ ብሽሽትህ ያለውን በሴንቲሜትር ለካ። «ያደርቃል» ለሚለው ስጋት መልስ የምትሰጠው በዚህ ቁጥር ነው።
4. ኪሎ። ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት።
5. የጎን ቪዲዮ። ጉልበትህን አንስተህ 3 ሰከንድ ያዝ፤ ከዚያ በቀስታ እግርህን ዘርጋ። ቴክኒክ መበላሸት ቶሎ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን ከጎኑ ጻፍ። ከ8 ሳምንት በኋላ የምትለካው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ማሟሟቂያ ነው። አለዚያ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ አይታወቅም።

ደረጃ 4፦ ጊዜና ቦታ ምረጥ

በተማሪዎች ፊት አታንሳ። ማስተር በልጆች ፊት ሐሳባቸውን መቀየር ይከብዳቸዋል፤ ያልፈለጉትን «አይሆንም» ልታስወጣቸው ትችላለህ። ውድድር ወይም የቀበቶ ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረውም አታንሳ። ልባቸው ሌላ ቦታ ነው።

የሚሻለው ክፍል አልቆ፣ ልጆቹ ወጥተው፣ ማስተር ልብስ ቀይረው ሲወጡ ነው። አስቀድመህ ፈቃድ ጠይቅ፦ «ማስተር፣ ነገ ከክፍል በኋላ አምስት ደቂቃ ይኖርዎታል? አንድ የምጠይቅዎት ነገር ነበረኝ።»

ዕድሜህ ከ18 በታች ከሆነ ከመሄድህ በፊት ለአባትህ ወይም ለእናትህ ንገር። አንዳቸው አብረውህ ቢገኙ ጥሩ ነው። ፊት ለፊት መናገሩን ግን አንተ ራስህ አድርገው። ወላጅ ብቻውን ሲሄድ እንደ ክስ ይሰማል።

ደረጃ 5፦ ንግግሩ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ድክመትህን ንገር፣ ጠይቅ፣ ስማ፣ የሰማኸውን መልሰህ ንገር፣ ከዚያ ጊዜያዊ ፈቃድ ለምን። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ማስተር፣ በሦስተኛው ዙር እግሬ እንደሚዝል እርስዎም ነግረውኛል። ጉልበት ያንሰኛል። በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት ልሥራ ብዬ አሰብኩ። ግን ቀድሜ እርስዎን ልጠይቅ አልኩ። ምን ያሳስብዎታል?»

ከዚያ ዝም በል። ይህ ዝምታ ይከብዳል፤ ግን አትሙላው። ሲጨርሱ ያሉትን በራስህ ቃል ድገምላቸው፦ «እንግዲህ የሚያሳስብዎት ክፍል ደክሜ እንዳልመጣና ኪኬ እንዳይበላሽ ነው፤ ልክ ነኝ?» «አዎ» ካሉህ ንግግሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል። መደመጡን ያወቀ ሰው አይጮህም።

ቀጥሎ የምትለምነው ቁርጥ ያለ ይሁን፦

«8 ሳምንት ይፍቀዱልኝ። የምሠራው ረቡዕ ከክፍል በኋላና ቅዳሜ ጠዋት ነው። ኪኬን፣ ስፕሊቴንና ኪሎዬን ለክቼ ደብተር ላይ ጽፌያለሁ። በአራተኛው ሳምንት እርስዎ ራስዎ ይዩኝ። ከዘገየሁ ወይም ቴክኒኬ ከተበላሸ አቁም ይበሉኝ፤ አቆማለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የምትለው ከልብህ ከሆነ ብቻ ነው። ለምን ትጠቅማለች? በውድድር ቀን ምንጣፍ ዳር ቆመው ለአንተ የሚጨነቁት እሳቸው ናቸው። ዳኛ ካደረግካቸው የሚያጡት ነገር አይኖርም።

ሲመልሱልህ ከሚመጡት ውስጥ ሁለቱን አስቀድመህ ተዘጋጅባቸው።

«ቴክኒክ ከጉልበት ይበልጣል» ካሉህ «ልክ ነዎት» በል። እውነት ነው። ከዚያ «ለዚህ ነው የክፍል ሰዓቴን የማልነካው» ብለህ ጨምር።

«እኛ ስንማር ክብደት የሚባል ነገር አልነበረም» ካሉህ አትከራከር። ካራቴ ከሆነ ግን አንድ ነገር በትሕትና ማንሳት ትችላለህ። ከጃፓኗ ኦኪናዋ የመጣው ጎጁ ርዩ የተባለው የካራቴ ስልት ቺ ኢሺ የሚባል ዘንግ ላይ የተተከለ ድንጋይና ኒጊሪ ጋሜ የሚባል በጣት የሚያዝ ማሰሮ በልምምዱ ውስጥ አለው። ጥያቄ አድርገህ ጠይቃቸው፤ «ማስተር፣ እሱን ሠርተው ያውቃሉ?» በል። የማወቅ ጉጉት ይሁን እንጂ ማፋጠጫ አይሁን።

የማትላቸው ሦስት ነገሮች አሉ። «ዩቲዩብ ላይ አየሁ» አትበል። «እገሌ ማስተር ለልጆቻቸው ይፈቅዳሉ» አትበል። «ሳይንሱ እንዲህ ይላል» ብለህም አትጀምር። ሦስቱም «እርስዎ አያውቁም» ተብለው ነው የሚሰሙት።

ደረጃ 6፦ በልክ ሥራ

ክፍልህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ነው እንበል። ክብደቱን ረቡዕ ከክፍል በኋላና ቅዳሜ ጠዋት አድርገው። ከሁለቱም በኋላ አንድ ሙሉ ባዶ ቀን አለ፤ ሐሙስና እሑድ። ከክፍል በፊት በፍጹም አትሥራ። ቴክኒክ የሚፈልገው ትኩስ እግር ነው።

በአንድ ቀን የምትሠራው ይህን ነው፤ ከ50 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም።

1. ስኳት፦ ጀሪካኑን ወይም ዳምቤሉን ደረትህ ላይ አቅፈህ። 3 ዙር፣ በዙር 5 ጊዜ። ተረከዝህ መሬት እንደያዘ እስከምትችለው ድረስ ውረድ። ስትወርድ ቀስ በል፤ ስትነሳ ፈጠን በል።
2. ዴድሊፍት፦ ሁለት ጀሪካን በሁለት እጅ ይዘህ፣ ጉልበትህን ትንሽ ሰበር አድርገህ፣ ቂጥህን ወደ ኋላ እየገፋህ ጎንበስ በል። ጀርባህ ቀጥ ይበል። 3 ዙር፣ በዙር 5 ጊዜ። ይህ የጭንህን የኋላ ክፍል ያጠነክራል። ኪክ ሲዘረጋ ፍሬን የሚይዘው ያ ጡንቻ ነው፤ ደካማ ከሆነ የሚቀደደውም እሱ ነው።
3. ብረት ላይ ተንጠልጥሎ መሳብ፦ 3 ዙር። 5 ካልቻልክ 2 ወይም 3። ምንም ካልቻልክ ወንበር ላይ ቆመህ ከላይ ጀምርና በቀስታ ውረድ።
4. ፑሽ አፕ፦ 3 ዙር፣ በዙር 8። ሲቀልህ እግርህን ወንበር ላይ አድርግ።
5. ለጭን ውስጠኛው ክፍል፦ በጎንህ ተኛ። የላይኛውን እግርህን ወንበር ላይ አስቀምጥና ወገብህን ከመሬት አንሳ። በየጎኑ 15 ሰከንድ፣ 2 ዙር። ብሽሽት ለሚያማቸው የኪክ ሰዎች እንደዚህ የሚጠቅም አላየሁም።

በየዙሩ መካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ እረፍ። ልጆች ይህን ዕረፍት እንደ ስንፍና ያዩታል። ካላረፍክ ግን የምትሠራው ትንፋሽ እንጂ ጉልበት አይሆንም።

በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ከምትችለው ግማሹን ብቻ አንሳ። ማስተርህ የሚፈሩት መሳሰር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ ሁለት ድግግሞሽ እየቀረህ አቁም። ሦስቱንም ዙር በንጹሕ ከጨረስክ በሚቀጥለው ጊዜ 2 ኪሎ ጨምር። ጀሪካን ከሆነ 2 ሊትር ውሃ ማለት ነው።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም። ጉልበት ለሚሠራ ሰው በቀን በእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ወደ 1.6 ግራም ፕሮቲን በቂ ነው። በጾም ወቅት ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ሽምብራ ይሠራሉ፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 24 ግራም ፕሮቲን አለው። እስከ 9 ሰዓት በምትጾምበት ቀን ክብደቱን ከበላህ በኋላ አድርገው። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ይሁን። መለኪያ ቀንህን ጾም መሃል አትጣል።

ለአንቺ፦ «ወንድ ትመስያለሽ» የሚሉሽ ይኖራሉ። በሳምንት ሁለት ቀን በዚህ መጠን ሠርታ ወንድ የመሰለች ሴት የለችም። ጡንቻን በብዛት የሚያሳብጠው ሆርሞን በሴቶች ሰውነት ውስጥ በጣም ትንሽ ነው። የሚታይሽ ለውጥ ኪክ ስትመቺ ጉልበትሽ ሳይንቀጠቀጥ ሲረጋ ነው።

ደረጃ 7፦ ክፍል ውስጥ እንደ ቀድሞው ሁን

በነዚህ 8 ሳምንታት አንድም ቀን አትቅር፣ አታርፍድ። ማሟሟቂያውን ሙሉ ሥራ። ስትደክም «ትናንት ክብደት ሠርቼ ነው» አትበል። ለሌሎች ልጆችም አትስበክ። ፈቃዱ የተሰጠው ለአንተ ነው፤ አምስት ልጅ ተከትሎህ ጂም ቢገባ ማስተርህ የተከዱ ይመስላቸዋል።

በአራተኛው ሳምንት ራስህ ሂድና «ማስተር፣ ይዩኝ ብዬዎት ነበር» በል። አስታውሰው እንዲጠሩህ አትጠብቅ። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ በር ትከፍታለች።

ደረጃ 8፦ በ8ኛው ሳምንት እንደገና ለካ

ከተቻለ ኪኩን ማስተርህ ራሳቸው ይቁጠሩ፣ ወይም ፓዱን እሳቸው ይያዙ። የፓዱን ምት በእጃቸው ሲሰሙት ከደብተሩ ቁጥር በላይ ይናገራል።

ውጤቱን እንዲህ አንብበው። ኪክህና ዝላይህ ከጨመሩ፣ በስፕሊት ከወለል ያለህ ርቀት ካልጨመረ፣ ቀጥል። ዝላይህ ጨምሮ ኪክህ እንዳለ ከሆነ ጉልበቱ መጥቷል፤ ወደ ኪክ እንዲገባ የፓድ ሥራ ጨምር። ኪክህ ከቀነሰ ወይም ጉልበትህን አንስተህ የምትይዝበት ከፍታ ከወረደ ክብደቱን በግማሽ ቀንስና 2 ሳምንት ጠብቅ። ያኔም ካልተመለሰ በቃልህ መሠረት አቁም። መጥፎውን ቁጥር አትደብቅ። አንድ ጊዜ መጥፎ ቁጥር ያሳየ ልጅ ጥሩ ቁጥር ሲያመጣ ይታመናል።

ደረጃ 9፦ «አይሆንም» ካሉህ

መጀመሪያ ምክንያቱን ጠይቅ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ሦስት መንገድ አለህ።

አንደኛው ያለ ክብደት መሥራት ነው። በአንድ እግር ስኳት፣ ብረት ላይ መሳብ፣ ዝላይ። «በሰውነቴ ብቻ ብሠራስ?» ስትላቸው ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ለጀማሪ ለወራት ይበቃል።

ሁለተኛው መጠበቅ ነው። ከውድድሩ ወይም ከፈተናው በኋላ እንደገና ጠይቅ። «አሁን አይሆንም» እና «በጭራሽ» አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው ክፍል መቀየር ነው። ይህን የምለው ማስተሩ ስለከለከሉ አይደለም። መጠየቅህን እንደ ድፍረት ቆጥረው በልጆች ፊት የሚያዋርዱህ ከሆነ፣ ወይም እያመመህ «ቻለው» የሚሉህ ከሆነ ነው። ስትሄድ አመስግነህ ሂድ፤ ወላጅህን ይዘህ ተሰናበት።

በድብቅ መሥራት ከመንገዶቹ ውስጥ የለም። ሲደረስብህ የሚጠፋው እምነት በ8 ሳምንት አይመለስም።

ክርክሩ የተገላቢጦሽ ሲሆን

አንዳንዴ ክብደት በዛብኝ የሚለው ተማሪው ነው። ጓደኛ ትከሻ ላይ ጭኖ እንደ ዳክዬ ቁጢጥ ብሎ መሄድ፣ ስፕሊት ላይ ሌላ ሰው ጭንህን እንዲጫን ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ክብደት አስሮ በሙሉ ፍጥነት መምታት። የመጨረሻው በተለይ ጉልበት ይጎዳል። እግሩ ሲዘረጋ ክብደቱ ጉልበትን ወደ ፊት ይጎትተዋል፤ ለማቆምም ይከብዳል።

እዚያው ሰልፍ ላይ አትከራከር። እጅህን አንሳና አጭር ተናገር፦ «ማስተር፣ ጉልበቴ እያመመኝ ነው፤ በዚህ ፈንታ ስኳት ልሥራ?» ምትክ ይዘህ ስትመጣ የሰነፍክ አይመስልም። ዝርዝሩን ከክፍል በኋላ ንገራቸው።

ማስጠንቀቂያ

• ጡንቻ መሳሰርና መገጣጠሚያ ማመም ይለያያሉ። ሁለቱም ጎን እኩል የሚከብድህ፣ ስትሞቅ የሚለቅህ መሳሰር ነው። አንድ ቦታ እንደ መርፌ የሚወጋህ፣ ጉልበትህ ወይም ወገብህ ውስጥ ከሆነ አቁም። ከሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ይየው።
• ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንትህ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ጡንቻህም ካበጠ ዛሬ ነገ ሳትል ሆስፒታል ሂድ። የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊት ላይ ጉዳት ያመጣል።
• የቆመ መደገፊያ በሌለበት ባርቤል ትከሻህ ላይ ጭነህ ስኳት አትሥራ። ብቻህን ከሆንክ የምትጥልበት መንገድ የለህም። ደረትህ ላይ ያቀፍከውን ክብደት ግን ወደ ፊት ትለቀዋለህ።
• የደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ካለብህ ሐኪምህን ሳትጠይቅ አትጀምር። ክብደት ስታነሳም ትንፋሽህን አትያዝ።
• ጂም ውስጥ «ይህችን ዋጥ» ብሎ ኪኒን ወይም መርፌ የሚያቀርብልህ ሰው ካለ ከዚያ ጂም ውጣ።

የተለመዱ ስህተቶች

ከክፍል በፊት መሥራት። «እግሬን ላሙቅ ብዬ ነው» ይላሉ። ለማሟሟቅ ገመድ ዝለል።

ኪክ ልትመታ ስትል ቆሞ ረጅም ስትሬች ማድረግ። አንዱን ጡንቻ ከ1 ደቂቃ በላይ ለጥጠህ ከያዝክ ለጊዜው ኃይሉ ይቀንሳል። ረጅሙን ስትሬች ወደ ክፍል መጨረሻ ውሰደው። መለኪያ ቀን ላይ ይህን የሚስቱ ብዙ ናቸው፤ ከዚያ «ክብደቱ አዘገየኝ» ይላሉ።

በየሳምንቱ ሥራ መቀያየር። አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር መሳሰሩም እንደ አዲስ ይመጣል። 8ቱን ሳምንት ያንኑ አምስቱን ሥራ።

ደረትና ክንድ ብቻ መሥራት። ቲሸርት ላይ ያምራል፤ ለኪክ የሚጠቅመው ግን ዳሌ፣ ጭንና ወገብ ነው።

ደብተሩን «በኋላ እሞላዋለሁ» ማለት። በሦስተኛው ቀን ምን ያህል እንዳነሳህ አታስታውስም። እዚያው፣ ዙሩ እንዳለቀ፣ በዕረፍቱ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ጻፈው።